የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት በ«ሃርድ» ሲፈተን

መዝገበ ቃላት ልግዛ የሚል ሰው ሲያማክረኝ የምለው አንድ ነው። ሽፋኑን አትዩ። ስንት ቃል እንደያዘ የሚፎክረውን የጀርባ ጽሑፍም እለፉት። በቀጥታ «ሃርድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያለበትን ገጽ አውጡና እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ከረካችሁ ግዙት። ካልረካችሁ አመስግናችሁ መልሱለት።

«ሃርድ»ን የመረጥኩት ሁሉም ሰው አውቀዋለሁ የሚለው ቃል ስለሆነ ነው። መሥሪያ ቤት ስትሄዱ «ሃርድ ኮፒውን ይዛችሁ ኑ» ይሏችኋል። ኮምፒውተር ጠጋኙ «ሃርድ ዲስኩ ነው የሄደው» ብሎ ቅስማችሁን ይሰብረዋል። አስመጪው ሃርድ ከረንሲ ጠፋ እያለ ያማርራል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ግን «ሃርድ ወተር» ምንድን ነው ሲባል «በረዶ» ብሎ ይመልሳል። በረዶ አይደለም። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ነው። ሳሙና ቢያሹበት አረፋ አይሰጥም፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። የጉድጓድ ውሃ የሚደርሰው ሰፈር የሚኖር ሰው ነገሩን በደንብ ያውቀዋል፤ ስሙን አያውቀውም እንጂ።

እኔ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ለስኮላርሺፕ የሚያመለክቱ ልጆች ደብዳቤያቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ አርምላቸዋለሁ። መዝገበ ቃላት እንጀራዬ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ የምገመግመው ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ዲክሽነሪ የሚባለውን ነው፤ ወረቀቱንም፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚገኘውንም። መንገዴን ሜሪየም ዌብስተር የተባለውን የአሜሪካ መዝገበ ቃላትና የአማርኛ ፍቺ የሚሰጡትን አነሳለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ልጆቹ የሚወዱት የሲኖኒም (የተመሳሳይ ቃላት) ዝርዝር ይቅደም። ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ልጅ የማመልከቻ ደብዳቤውን አመጣልኝ። አባቱ ግንበኛ ናቸው፤ ስለ እሳቸው አንድ አንቀጽ ጽፏል። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ሃርድ ወርከር» ብሏቸው ነበር። ጥሩ ነው፣ ማንም እንግሊዝኛ አንባቢ የሚጽፈው ነው። ሁለተኛው ረቂቅ ላይ አባትየው «ሪጂድ ወርከር» ሆነው መጡ። ሪጂድ ማለት እንደ ብረት ዘንግ አልታጠፍ የሚል ነው። ስለ ሰው ሲሆን ደግሞ ግትር፣ በአንድ ሐሳብ የደረቀ እንደ ማለት ነው። ልጁ አባቱን ሊያመሰግን ተነስቶ የብረት ምሰሶ አደረጋቸው። ከየት አመጣኸው ስለው ስልኩን አሳየኝ። አንድ አፕ ላይ «ሃርድ» ብሎ ጽፏል፤ ከሥሩ ሃያ ምናምን ቃል ተደርድሯል። ፈርም፣ ሶሊድ፣ ስቲፍ፣ ሪጂድ፣ ታፍ፣ አርጁየስ፣ ሲቪር፣ ሃርሽ። ማብራሪያ የሚባል ነገር የለም። የቱ ለድንጋይ፣ የቱ ለፈተና፣ የቱ ለሰው እንደሆነ የሚነግረው የለም።

«ቲቸር፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ አንድ ቃል አትደጋግሙ ያሉን?» አለኝ።

ብያለሁ። አሁንም እላለሁ። ግን አለመደጋገም ማለት ዓይንን ጨፍኖ ከዝርዝር ላይ አንዱን ማንሳት አይደለም።

ይህ የዝርዝር ነገር ለማን እንደተሠራ ማወቅ ጥሩ ነው። ታዋቂውን የእንግሊዝኛ የቃላት ስብስብ ያዘጋጀው ፒተር ማርክ ሮጄ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በዚያው ነው) በ1805 ለራሱ መጠቀሚያ የጀመረውን ማስታወሻ በ1852 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። ያኔ ዕድሜው 73 ነበር። ቃላቱን የደረደረው በፊደል ተራ አልነበረም፤ በሐሳብ ዘመድ ከዘመድ እያሰባሰበ ነው። ለማን? ቋንቋው አፍ መፍቻው ለሆነ፣ ቃሉን እያወቀው አፉ ላይ መጥቶ ለጠፋበት ጸሐፊ። እንዲህ ያለ ሰው ዝርዝሩን ሲያይ «አዎ! እሱን ነበር የፈለግሁት» ይላል። የእኔ ተማሪ ግን እነዚያን ቃላት ከዚያ በፊት አግኝቷቸው አያውቅም። እንግዳ ሰው ሰልፍ ውስጥ አስገብታችሁ «ከነዚህ ውስጥ ወንድምህን ለይ» እንደማለት ነው።

የኦክስፎርዱ መዝገበ ቃላት ታሪክ ከዚህ ይለያል። የምወደውም በዚህ ነው። ያዘጋጀው ሆርንቢ ጃፓን አገር እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹ የሚሳሳቱትን እያየ፣ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሠራው። መጀመሪያ የታተመውም እዚያው ጃፓን በ1942፣ ጦርነቱ መሀል ነው። ኦክስፎርድ ወስዶ በራሱ ስም ያወጣው በ1948 ነው። ከጥንስሱ የታሰበው እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለሚማር ሰው ነው ማለት ነው፤ እንደኛ ላለ።

አሁን ወደ ፈተናው።

«ሃርድ»ን ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታዩት ፍቺዎቹ በአጫጭር አርእስት መከፋፈላቸውን ነው። የጠጣር ነገር እዚህ፣ አስቸጋሪ ነገር እዚህ፣ ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ እዚህ፣ ርኅራኄ የሌለው ሰው እዚህ፣ ውሃ እዚህ፣ መጠጥ እዚህ። ልጁ ሁሉንም ማንበብ የለበትም። አርእስቶቹን በዓይኑ ያንሸራትትና የእሱ ጉዳይ ያለበት ላይ ይቆማል። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ግን አብዛኛው ልጅ የመጀመሪያውን ፍቺ ብቻ አንብቦ መጽሐፉን ይዘጋል። አርእስቱ ያንን አመል ትንሽም ቢሆን ይሰብራል።

ፍቺዎቹ የተጻፉት በቀላል ቃላት ነው። ኦክስፎርድ 3000 የሚባል የተመረጡ ተዘውታሪ ቃላት ዝርዝር አለው፤ በተቻለ መጠን በእነሱ ይፈታል። አንዱን ቃል ለማወቅ ሌሎች ሦስት ቃላት እየፈለጋችሁ አትንከራተቱም። ራሱ «ሃርድ» ከዝርዝሩ ውስጥ ነው፤ ኤ1 የሚል ምልክት አለው፣ ጀማሪ ሊያውቀው ይገባል ለማለት። ምልክቱን ሳይ እስቃለሁ። ጀማሪ የሚያውቀው አንዱን ፍቺ ነው፤ የቀረውን አስተርጓሚም ሲያልበው ይውላል።

ለአስጠኚ ግን ወርቅ የሆነው ሌላ ነው። «ዲፊካልት» ሥር ያለችው የሲኖኒም ሳጥን። «ሃርድ»ን፣ «ቻሌንጂንግ»ን፣ «ዲማንዲንግ»ንና «ታክሲንግ»ን ጎን ለጎን ታስቀምጥና ልዩነታቸውን ትናገራለች። «ሃርድ» ከ«ዲፊካልት» ትንሽ ዘና ያለ ነው ትላለች፤ ለማመን ይከብዳል፣ ለማግኘት ይከብዳል በሚሉ አባባሎች ላይ በብዛት ይመጣል። «ቻሌንጂንግ» ደግሞ ቢከብድም ደስ የሚል፣ ችሎታን የሚፈትን ሥራን እያሞገሰ የሚናገር ቃል ነው። «ታክሲንግ» ብዙ ጊዜ ከአሉታ ጋር ይሄዳል፤ «ይህን ያህል አያደክምም» ስትሉ።

ይህ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ላሳያችሁ። አንዲት ልጅ «የሁለተኛ ዓመት ኮርሶቼ ሃርድ ነበሩ» ብላ ጻፈች። ስሕተት የለውም። ግን አንባቢው ኮሚቴ እየተማረረች ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሳጥኗን አብረን አነበብን። ራሷ «ቻሌንጂንግ» ብላ ቀየረችው። አሁን ከባዱን ኮርስ ወዳ የተጋፈጠች ልጅ ሆነች። አንድ ቃል ነው የተቀየረው፤ እኔም አላቀበልኳትም።

ሌላዋ ሳጥን «ሃርድ»ንና «ሃርድሊ»ን የምትለየው ናት። ይህቺን ገጽ ፎቶ አንስቼ ግድግዳ ላይ ብለጥፍ ደስ ይለኛል። እንግሊዝኛ «ስሎው» ላይ «ሊ» ጨምሮ «ስሎውሊ» ይላል፤ «ኩዊክ» ላይ ጨምሮ «ኩዊክሊ» ይላል። ልጁም በዚያው ሒሳብ «ሃርድሊ» ይላል። ትርጉሙ ግን ሌላ ነው፤ «እምብዛም»፣ «ከስንት አንዴ» ወደሚለው ይጠጋል። «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ብሎ የጻፈ ልጅ ታታሪ ነው ሊል የፈለገውን ሰው ሰነፍ አድርጎት አረፈ። የሥራ ማመልከቻ ላይ ስለ ራሱ ጽፎት ቢሆን ደግሞ አስቡት።

ከቃሉ ጋር አብሮ የሚሄደውን ጎረቤት የሚያሳየው ክፍልም አለ፤ ኢንተርኔቱ ላይ ጫን ስትሉት ይዘረጋል። የክረምት ወር ላይ ሁሌ የማነሳው ምሳሌ አለኝ። ዝናቡን በስም ከጠራችሁት «ሄቪ ሬይን» ነው። በግስ ካላችሁት ግን «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ሃርድ»። ያው ዝናብ ነው። «ሃርድ ሬይን» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሰዋስው አላፈረሰም፤ ግን ጆሮ ላይ ይሻክራል። ይህን ደንብ ብዬ ላስተምረው አልችልም፤ ምክንያትም የለውም። ምሳሌ ደጋግሞ ማንበብ ነው መድኃኒቱ፣ እዚህ ደግሞ ምሳሌ ሞልቷል።

የቃል ድምፅም አለ። ሰማያዊዋን ድምፅ ማጉያ ከተጫናችሁ የእንግሊዝ፣ ቀይዋን ከተጫናችሁ የአሜሪካ አነባበብ ትሰማላችሁ። «ሃርድ» ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል፤ እንግሊዙ «ር»ዋን ይውጣታል፣ አሜሪካዊው ያንከባልላታል። ልጆቹ የቱን እንናገር ይሉኛል። የፈለጋችሁትን፣ ብቻ አትቀላቅሉ እላለሁ።

(እርሳሳችሁን እዩት እስቲ። «ኤችቢ» ይላል አይደል? ኤቹ «ሃርድ» ነው፣ ቢው «ብላክ»። ጠንካራው እርሳስ ፈዘዝ ያለ፣ ለስላሳው ጠቆር ያለ ይጽፋል፤ ኤችቢ መሀል ላይ ነው። ፈተና በመጣ ቁጥር ቃሉን በእጃቸው ይዘውት ነው የሚቀመጡት።)

ሜሪየም ዌብስተር ሌላ ዓለም ነው። አሜሪካዊ ነው። ኖህ ዌብስተር ትልቁን መዝገበ ቃላቱን ያወጣው በ1828 ነው፤ በ1843 ሲሞት ሜሪየም የሚባሉ ወንድማማቾች መብቱን ገዙ። አፑም ድረ ገጹም ነጻ ነው። እዚያ «ሃርድ»ን የከፈተ ተማሪ ግን ግራ ይጋባል። ፍቺዎቹ በታሪክ ቅደም ተከተል ነው የተደረደሩት፤ በዕድሜ ታላቁ ከላይ፣ ታናሹ ከታች። ስለዚህ «አስቸጋሪ» የሚለው ላይ ሳትደርሱ ስለ ደረቅ አይብ፣ ስለ ጠንካራ መጠጥ፣ ሳሙና አረፋ ስለማይሰጥበት ውሃ ታነባላችሁ። ለእኔ ዓይነቱ የቃል ሱሰኛ ድግስ ነው። ነገ ፈተና ላለበት ልጅ ግን አይሆንም። የአነባበብ ምልክቱም የራሱ ስለሆነ ትምህርት ቤት ከሚያዩት ጋር አይገጥምም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ላይ ኦክስፎርድን ይበልጠዋል። ከፍቺው በታች ተቀራራቢ ቃላትን እያነጻጸረ የሚያብራራ አንቀጽ አለው። «ሃርድ»ን፣ «ዲፊካልት»ንና «አርጁየስ»ን አንድ ላይ ያቆማቸዋል። «ሃርድ» የቀላል ነገር ሁሉ ተቃራኒ ነው ይላል። «ዲፊካልት» መሰናክል ወይም እንቆቅልሽ ያለበት፣ ብልሃት ወይም ድፍረት የሚጠይቅ ነው። «አርጁየስ» ላብ የሚያፈስ፣ ሳይታክቱ የሚገፉት ድካም ነው። ከዚያ ደግሞ «ፈርም»፣ «ሃርድ»ና «ሶሊድ»ን ለብቻ ይዞ፣ ለሚዳሰስ ነገር ሲሆኑ እንዴት እንደሚለያዩ ይነግራል። ሁለቱን መንደር አይቀላቅልም። የእኔ ልጅ ይህን አንብቦ ቢሆን ኖሮ አባቱ ወደ ብረትነት አይለወጡም ነበር።

አማርኛ ፍቺ የሚሰጡትስ? ብዙ ቤት ያለው የዶክተር አምሳሉ አክሊሉና የሞዝባክ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው፤ በ1973 የወጣ። አቅጣጫ ለማግኘት፣ ጽሑፍ እያነበባችሁ ለአፍታ ለማየት ይበቃል። ዎልፍ ሌስላው በዚያው ዓመት ያሳተመው ደግሞ ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ነው ወደ አማርኛ የሚመልሰው። ለ«ሃርድ» ዓይነቱ ቃል ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው፤ «ከባድ» የሚለው ብቻውን ለእንቁላል አይሆንም፣ ለጥሬ ገንዘብም አይሆንም። ጭቅጭቅ ስናበቃ «ቅያሜ የለም» ለምንለውም አይሆንም፤ ፈረንጁ እዚያም «ሃርድ»ን ጣልቃ ያስገባል። ችግሩ የሌስላው መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። ሁለቱም የግማሽ ምዕተ ዓመት ሰዎች ናቸው፤ ሃርድ ዲስክ ምናምን አትፈልጉባቸው። ስልክ ላይ የሚጫኑት የእንግሊዝኛ አማርኛ አፖች ላይ ግን ትዕግሥቴ አልቋል። አንዱን ጭኜ «ሃርድ» ብዬ ብጠይቀው «ጠንካራ» አለኝ፤ አለቀ። ከዚያ ማስታወቂያ ለቀቀብኝ።

የኦክስፎርድ እንከን የለውም ወይ? አለው። ነጻው ድረ ገጽ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ማስታወቂያም አለው፤ አፑ ላይ ሙሉውን ለማግኘት ደግሞ መክፈል ያስፈልጋል፣ በውጭ ካርድ። ያ ለብዙዎቻችን የተዘጋ በር ነው። ወረቀቱ ከ1,500 ገጽ በላይ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ይዞ መዞር ትከሻ ይጠይቃል። ፊደሉ ደቃቅ ነው። መብራት በጠፋ ምሽት በሻማ ለማንበብ አትሞክሩት። ምሳሌዎቹም የእንግሊዝ አገር ኑሮ ይሸቱታል፤ ስለ ውርጩና ስለ በረዶው ማንበብ ግዴታ ነው። እኔ ያገራችንን ምሳሌ ከአጠገቡ በእርሳስ እጽፍበታለሁ።

ትልቁ አደጋ ያለው ግን መንገድ ዳር ነው። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ቅጂ በርካሽ ይሸጣል። አንዱን ተታልዬ ገዛሁት ብል አላጋንንም፤ ሽፋኑ ያብረቀርቃል፣ ሻጩም «ኦሪጅናል ነው፣ በእናቴ» ብሎ ምሎልኛል። ቤት ገብቼ ሳየው የ«ኤች» መግቢያ ሁለት ጊዜ ተጠርዟል፣ የ«ኤስ» ግማሹ የለም። የአነባበብ ምልክቶቹ ቀለም ጠጥተው ሁሉም ነጥብ መስለዋል። «ሃርድ» እንኳ ሁለት ጊዜ አለልኝ፤ «ስቲፍ»ን ፈልጌ ግን አጣሁት።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ኢንተርኔት ያላችሁ ከነጻው ድረ ገጽ ጀምሩ፤ ለ9ኛ ክፍልም ለዩኒቨርሲቲም ይበቃል። ወረቀት የምትፈልጉ የግድ የ2020ውን 10ኛ እትም አትበሉ። የ2010ሩ 8ኛ ወይም የ2015ቱ 9ኛ ሁለተኛ እጅ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ «ሃርድ» በአሥር ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። 10ኛው ላይ ያለው የኢንተርኔት መግቢያ ኮድ ሁለተኛ እጅ ስትገዙ ተፍቆ፣ ተጠቅመውበት ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ብላችሁ ዋጋ አትጨምሩ። ሜሪየም ዌብስተርን ስልካችሁ ላይ ጫኑት፤ የምትከፍቱት ግን ሁለት ተቀራራቢ ቃላት መሀል ስትቆሙ ብቻ ይሁን። ከመንገድ ዳር ስትገዙ በቀን ብርሃን ግዙ፣ «ኤስ»ን ገልጣችሁ እስከ መጨረሻው ቁጠሩ፣ ከዚያ ዋጋ ተከራከሩ።